አይዲ 6 ለሰባት ቤተሰብ፦ ከተማ ላይ ምቾት፣ ዓባይ በረሃ ላይ ሒሳብ

ጥያቄው፦ «ባለቤቴ፣ ሦስት ልጆቻችን (የ12፣ የ9 እና የ3 ዓመት)፣ እናቴና አብራን የምትኖረው የእህቴ ልጅ፤ ከእኔ ጋር ሰባት ነን። የምንኖረው አዲስ አበባ፣ አያት አካባቢ ነው። ባለ ሰባት መቀመጫ ቮልስዋገን አይዲ 6፣ 2023 ሞዴል አይተናል። ሻጩ ‹ቅንጡ የቤተሰብ መኪና ነው፤ አንዴ ቻርጅ ከሆነ 600 ኪሎ ሜትር ይሄዳል› ይላል። በዓመት ሁለት ጊዜ ደብረ ማርቆስ ዘመድ ጥየቃ እንሄዳለን። ጥሩውንም መጥፎውንም ሳትሸፋፍኑ ንገሩኝ።»

አጭሩን ላስቀድም። ትልቁ ባትሪ ያለው ከሆነና ግቢዎ ውስጥ ቻርጅ ማድረግ ከቻሉ፣ ለአዲስ አበባ ኑሮ ይህ መኪና ለእርስዎ ቤተሰብ ጥሩ ምርጫ ነው። ለደብረ ማርቆሱ ጉዞ ግን እንደ ፕራዶ ሰውና ሻንጣ ጭነው በፈለጉት ሰዓት የሚነሡበት አይደለም። ይሄዳል፤ ግን ቀድሞ ሒሳብ ይፈልጋል።

«ቅንጡ» የሚለውን ቃል ለሻጩ እንመልስለት። አይዲ 6 በ2021 ለቻይና ገበያ ብቻ ተብሎ የወጣ መኪና ነው። የተሠራው አይዲ 4 በተሠራበት መሠረት ላይ፣ አካሉ ረዘም ተደርጎ ነው። ርዝመቱ 4.88 ሜትር ገደማ ሲሆን ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ያለው ርቀት 2.965 ሜትር ነው። ሦስተኛው ረድፍ ሊገባ የቻለው በዚህ በሁለተኛው ቁጥር ነው። የዳሽቦርዱ ፕላስቲክ፣ የበሩ ሽፋን፣ በጣት እየዳሰሱ የሚያስተካክሉት የሙቀትና የድምፅ መቆጣጠሪያ (ማታ መብራት የለውምና በዳበሳ ነው የሚያገኙት) ሁሉ የመካከለኛ መኪና ሥራ ናቸው። ምቾቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ሞተሩ አይሰማም፣ ካምቢዮ መቀያየር የለም፣ ዳገት ላይ ቆሞ ሲነሣ አይንገጫገጭም። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በአየሩ መሳሳት አምስተኛ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ኤሌክትሪኩን ግን ከፍታው አይነካውም። ሰባት ሰው ጭነው የእንጦጦን ዳገት ሲወጡ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል።

የሦስተኛው ረድፍ ጉዳይ የእርስዎ ዋና ጥያቄ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልሰው። ባትሪው ከወለሉ ሥር ስለተዘረጋ ወለሉ ከፍ ያለ ነው። ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠ አዋቂ ጉልበቱ ወደ ደረቱ ይጠጋል፤ ጭኑ ከወንበሩ ይነሣና ክብደቱ በሙሉ መቀመጫው ላይ ያርፋል። ለሃያ ደቂቃ የከተማ መንገድ ችግር የለውም፤ ለአምስት ሰዓት ጉዞ ግን ቅጣት ነው። ስለዚህ እዚያ የሚቀመጡት የ12 እና የ9 ዓመቶቹ ልጆች ናቸው። እናትዎን እዚያ አያስቡ፤ ለመግባት ማጎንበስና መሻገር አለ። የእናትዎ ቦታ የፊቱ ጋቢና ነው። ባለቤትዎና የእህትዎ ልጅ ከትንሹ ልጅ ጋር ሁለተኛው ረድፍ ላይ ይሆናሉ።

የ3 ዓመቱ ልጅ መቀመጫ የት እንደሚታሰር ከአሁኑ ይወስኑ። ወደ ሦስተኛው ረድፍ የሚገባው የሁለተኛው ረድፍ የጎን መቀመጫ ወደ ፊት ሲገፋ ነው፤ የልጅ መቀመጫ የታሰረበት ወንበር ደግሞ ሳይፈታ አይገፋም። እኛ አገር መኪና በቀኝ ስለሚነዳ ልጆች ወደ እግረኛ መንገዱ የሚወርዱት በቀኝ በር ነው። የልጁን መቀመጫ በግራ አስረው ቀኙን መግቢያ ያድርጉት። በተቃራኒው ካደረጉት ትልልቆቹ ልጆች በየቀኑ በመኪና መተላለፊያው በኩል ሊገቡና ሊወጡ ነው። መኪናው ስድስት መቀመጫ ያለውም ዓይነት አለ፤ ሁለተኛው ረድፍ ሁለት የተነጠሉ ወንበሮች ናቸውና በመሐል መተላለፊያ ይገኛል። የበለጠ የሚመቸው እሱ ነው፤ ለእርስዎ ግን አንድ ሰው ይጎድለዋል። በማስታወቂያ ፎቶ ላይ ሁለቱ ስለሚመሳሰሉ ወንበሩን በአካል ይቁጠሩ።

ሦስቱም ረድፎች ሲዘረጉ የሚቀረው የዕቃ ቦታ በጣም ጠባብ ነው፤ ጥቂት የጉዞ ቦርሳዎችን በቁም ደርድረው ይጨርሳሉ። ኮፈኑን ከፍተው ዕቃ ማስቀመጫ ቢፈልጉም አያገኙም፤ እንደ አንዳንድ የኤሌክትሪክ መኪኖች ከፊት የዕቃ ሳጥን የለውም። ሰባት ሰውና የሰባት ሰው ሻንጣ በአንድ ላይ አይገቡም። ጣሪያ ላይ መጫን ይቻላል፤ ግን ነፋሱን ስለሚይዝ አውራ ጎዳና ላይ ባትሪውን በግልጽ ይበላል። ክብደቱንም አይርሱ። የሹፌሩን በር ሲከፍቱ ምሰሶው ላይ ከተለጠፈው ሰሌዳ ሙሉ የተፈቀደውን ክብደት ያንብቡ፤ ከዚያ የባዶ መኪናውን ክብደት (2.3 ቶን ገደማ) ይቀንሱ። የሚተርፈው ግማሽ ቶን አካባቢ ነው። የእርስዎ ቤተሰብ ሦስቱ ልጆች ስለሆኑ ከነልጅ መቀመጫው 360 ኪሎ ገደማ ይሆናል፤ በክብደት ያልፋሉ። ሰባት አዋቂ ቢሆኑ ኖሮ ለዕቃ ምንም አይተርፍም ነበር። ሲሞላ የጎማውን ንፋስ እዚያው በሩ ላይ «ሙሉ ጭነት» ተብሎ ወደተጻፈው ቁጥር ከፍ ያድርጉት፤ በባዶ ንፋስ ሙሉ ጭነት ይዞ መሮጥ የጎማውን ጎን ያግልና ያፈነዳዋል።

አሁን ወደ 600 ኪሎ ሜትሩ። ያ ቁጥር በቻይና ላብራቶሪ በዝግታና በባዶ የተለካ ነው። መኪናው በሁለት ባትሪ ይመጣል፤ አንዱ ወደ 63፣ ሌላው ወደ 84 ኪሎዋት ሰዓት (የቤት ቆጣሪ የሚቆጥርበት የኤሌክትሪክ መለኪያ)። በተግባር የሚጠቀሙበት ግን 58 እና 77 ገደማ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ማሞቂያም ማቀዝቀዣም ብዙ ስለማይከፈትና በመጨናነቁ ውስጥ ፍሬን ሲይዙ ጉልበቱ ወደ ባትሪው ስለሚመለስ፣ በ100 ኪሎ ሜትር ከ16 እስከ 18 ኪሎዋት ሰዓት ብለው ያስሉ። ትልቁ ባትሪ ከ430 እስከ 480 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። በቀን 50 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው በሳምንት ሁለት ጊዜ ቻርጅ ይበቃል። የከተማው ሒሳብ እዚህ ላይ አለቀ፤ ጥሩ ነው።

ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ነው። ሰባት ሰው ጭነው በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ከሄዱ በ100 ኪሎ ሜትር ከ18 እስከ 20 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል፤ ለጠቅላላው ከ54 እስከ 60 ይሆናል። በዚህ ላይ ዓባይ በረሃን ይደምሩ። ከጎሐ ጽዮን ድልድዩ ድረስ 1,400 ሜትር ገደማ ይወርዳሉ፤ ከድልድዩ ደጀን ድረስ ያንኑ ያህል ይወጣሉ። 2.75 ቶን የሚመዝን ነገር 1,400 ሜትር ለመውጣት ብቻ 10.5 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል፤ በሞተርና በባትሪ የሚባክነው ሲጨመር ወደ 12 ይጠጋል። ሲወርዱ ፍሬኑ ከሰባት የማይበልጥ ይመልስልዎታል። ስለዚህ በረሃው የተጣራ አምስት ያህል ይወስዳል። ድምሩ ከ59 እስከ 65 ከ77ቱ ነው። 100 በመቶ ሞልተው ከተነሡ ከ15 እስከ 23 በመቶ ይዘው ይገባሉ። የራስ ንፋስ፣ ዝናብ፣ ፍጥነቱን 110 ማድረስ፣ ጣሪያ ላይ የተጫነ ዕቃ፤ ከእነዚህ ሁለቱ ቢደራረቡ ያ ትርፍ ይጠፋል። በትንሹ ባትሪ ደግሞ ጉዞው በመንገድ ላይ ሳይሞላ ጨርሶ አይሆንም።

ሹፌሩ ከሚያስበው በላይ የሚለውጠው ነገር የቁልቁለቱ አነዳድ ነው። በተለመደው ዲ ላይ መኪናው እግርዎን ሲያነሡ በራሱ ይንሳፈፋል። ጎሐ ጽዮን ላይ መምረጫውን ወደ ቢ ያዙሩት፤ እግርዎን ከነዳጁ (ልማድ ሆኖብን «ነዳጅ» እንላለን) ሲያነሡ ሞተሩ ራሱ ይይዘዋል፣ ባትሪውም ይሞላል፣ ፍሬኑም አይግልም። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ባትሪው 100 በመቶ ከሆነ መልሶ የሚቀበልበት ቦታ ስለሌለው ሙሉው ሸክም ወደ ፍሬን ሸራው ይዞራል። ጎሐ ጽዮን ሲደርሱ ግማሽ ያህሉን ስለሚጨርሱ እዚያ አያሳስብም። ቤታቸው ከፍታ ላይ ሆኖ በየማለዳው ሙሉ ባትሪ ይዘው ረጅም ቁልቁለት የሚጀምሩ ሰዎች ግን ሊያውቁት ይገባል።

ደብረ ማርቆስ ከደረሱ በኋላስ? ዘመድ ቤት ባለው ተራ ሶኬት፣ በ10 አምፔር፣ በሰዓት 2.2 ኪሎዋት ሰዓት ይገባል። 60 ኪሎዋት ሰዓት ለመመለስ ከ27 እስከ 30 ሰዓት ያስፈልጋል፤ መብራት ካልጠፋ። ሦስት ቀን ለሚቀመጥ ሰው ይበቃል፤ ለቀብር ደርሶ በማግስቱ ለሚመለስ አይበቃም። ፈጣን ቻርጅ መንገድ ላይ አገኛለሁ ብለው ከመነሣትዎ በፊት ደውለው ያረጋግጡ፤ መሣሪያው መኖሩን ብቻ ሳይሆን መሰኪያው የቻይናው ጂቢ ቲ መሆኑን ጭምር። ይህ መኪና የአውሮፓውን ሲሲኤስ 2 አይቀበልም። ለዝግታው ቻርጅ አዳፕተር ይገኛል፤ ለፈጣኑ ግን በአዳፕተር አይመኩ። ትክክለኛ ፈጣን መሣሪያ ካገኙ ከ30 ወደ 80 በመቶ ለመድረስ 40 ደቂቃ አካባቢ ይወስዳል። ከ80 በላይ በጣም ስለሚያዘግም ወረፋ ይዘው 100 አይጠብቁ።

የቤት ቻርጀሩን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሳሳተው መኪናው ላይ ሳይሆን ሽቦው ላይ ነው። የ7 ኪሎዋት ቻርጀር 32 አምፔር ለሰዓታት ያለማቋረጥ ይስባል። ከቆጣሪው ራሱን የቻለ መስመር ይዘርጉ፦ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ካቮ (ርቀቱ ከ20 ሜትር ካለፈ 10 ካሬ)፣ ባለ 40 አምፔር ብሬከር፣ መሬት የሚያፈስ ኤሌክትሪክን የሚቆርጥ መከላከያና በትክክል የተቀበረ የመሬት ዘንግ። ቻርጀሩ መሬቱ ደካማ ሲሆን አልሠራም ይላል፤ አንዳንድ ኤሌክትሪሺያን ኒውትራሉን ከመሬቱ ጋር አገናኝቶ «ያታልለዋል»። ያንን እንዳይፈቅዱ፤ ኒውትራሉ በተበጠሰ ቀን የመኪናው አካል በሙሉ ኤሌክትሪክ ይይዛል። የእንጀራ ምጣዱንም ያስቡ። ምጣድ ብቻውን ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳል፤ ከቻርጀሩ ጋር 11 ኪሎዋት፣ ማለትም 50 አምፔር ይሆናል፤ የብዙ ቤት ቆጣሪ አይችለውም። እንጀራ ቀን ሲጋገር፣ መኪናው ከሌሊቱ አምስት ሰዓት በኋላ ይሰካ። ምሽት ላይ የአካባቢዎ ኃይል የሚወርድ ከሆነ ቻርጀሩን ወደ 16 አምፔር ዝቅ ያድርጉት፤ እየቆመ እየተነሣ ከሚያድር በግማሽ ጉልበት ሳያቋርጥ ቢሠራ ይሻላል። ማራዘሚያ ገመድ ጥቅልሉ ሳይፈታ የተጠቀመ ሰው ገመዱ ሲቀልጥ ያገኘዋል። ለዘወትር 80 በመቶ ላይ እንዲቆም ያስተካክሉ፤ 100 ለጉዞ ዋዜማ ብቻ ይሁን።

ከሁሉ በላይ የምሠጋው ለሆዱ ነው። ባትሪው የመኪናው የታችኛው ወለል ነው፤ ማቀዝቀዣ ፈሳሹም እዚያው ያልፋል። መኪናው እንደ ፕራዶ ከፍ ያለ አይደለም፤ ሰባት ሰው ሲቀመጥበት ደግሞ ኋላው ይወርዳል። የሰፈር ውስጥ ኮብልስቶን መሐሉ ያበጠበት ቦታ፣ ሰው በራሱ ገንዘብ ያሠራው ሹል የፍጥነት መቀነሻ፣ ክዳኑ የተሰረቀ የፍሳሽ ጉድጓድ፤ እነዚህ ናቸው የሚገድሉት። ከታች ድንጋይ ከነካዎት «ይሄዳል እኮ» ብለው አይለፉት። ሽፋኑ ተሰንጥቆ ውሃ ከገባ ችግሩ የሚታየው ክረምት ላይ፣ የኤሌክትሪክ ማስጠንቀቂያ መብራት በርቶ መኪናው አልነሣም ሲል ነው። ጎርፍ ያለበት መንገድ ላይ ውሃው የቸርኬው መሐል ከደረሰ ይመለሱ።

ጎማውም የራሱ ጣጣ አለው። የኋላው ከፊቱ ስለሚሰፋ ፊትና ኋላ እያቀያየሩ ማስጨረስ አይቻልም፤ አንድ ስኮርት ጎማም ለሁለቱም በትክክል አይሆንም። ብዙዎቹ ጭራሽ ስኮርት የላቸውም። የጀርባውን ወለል አንሥተው ይመልከቱ፤ ከሌለ ንፋስ መሙያ፣ መለጠፊያና ክሪክ ይዘው ይጓዙ። ጎሚስታው ክሪኩን ከባትሪው ሥር እንዳያስገባ ቆመው ያሳዩት፤ የሚነሣው በጎን ጠርዝ ላይ ምልክት በተደረገባቸው አራት ቦታዎች ብቻ ነው። መኪናው ቢቆም በገመድ አያስጎትቱት፤ የኋላ ጎማው ሞተሩን እያዞረ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ሙሉ በሙሉ ተጭኖ ይሂድ።

የኋላ ፍሬኑ ዲስክ ሳይሆን ታምቡር መሆኑ ብዙ መቀለጃ ሆኗል። እኔ እንደ ጉድለት አልቆጥረውም። አብዛኛውን ፍሬን የሚይዘው ሞተሩ ስለሆነ የኋላው ብዙ አይሠራም፤ የማይሠራ ዲስክ ይዝጋል፣ ታምቡር ግን ተሸፍኖ ይቆያል።

ከመግዛትዎ በፊት የሚያዩትን በቅደም ተከተል ላስቀምጥ። መጀመሪያ የሻንሲ ቁጥሩ። አይዲ 6ን የሠሩት ሁለት የቻይና ፋብሪካዎች ናቸው፤ ኤል ኤፍ ቪ ብሎ ከጀመረ የኤፍኤው ቮልስዋገን አይዲ 6 ክሮዝ ነው፤ ኤል ኤስ ቪ ከሆነ የሳይክ ቮልስዋገን አይዲ 6 ኤክስ ነው። ሁለቱ ከውስጥ አንድ ቢሆኑም መብራታቸውና ፓራውልታቸው ስለሚለያይ ዕቃ ሲያዝዙ ይህን ካልለዩ የማይገጥም ይመጣል። አሥረኛው ፊደል የሞዴል ዓመቱን ይናገራል፤ ኤን 2022፣ ፒ 2023፣ አር 2024 ነው። «2023 ዜሮ ኪሎ ሜትር» የተባለው መኪና ለረጅም ጊዜ ሜዳ ላይ ቆሞ የከረመ ሊሆን ስለሚችል የተሠራበትን ወር ከሰሌዳው ያንብቡ።

ቀጥሎ ባትሪው። በኦቢዲ መሣሪያ (ከመኪናው ኮምፒውተር መረጃ በሚያነበው) ማስነበብ ጥሩ ነው፤ የማይታለል መለኪያ ግን አለ። መኪናውን 20 በመቶ ላይ አምጥተው እስከ 80 በመቶ ይሙሉትና የገባውን በቻርጀሩ ወይም በቆጣሪው ያንብቡ። ጤነኛ ትልቅ ባትሪ 46 ኪሎዋት ሰዓት ይቀበላል፤ ሲሞላ የሚባክነው ሲጨመር ቆጣሪው 50 ገደማ ያሳያል። ትንሹ ባትሪ ከሆነ 38 ወይም 39። «ትልቁ ባትሪ ነው» ተብለው ቆጣሪው 39 ካለ፣ ወይ ትንሹን እየሸጡልዎ ነው ወይም ባትሪው ተዳክሟል። በ7 ኪሎዋት ሰባት ሰዓት ይፈጃል፤ አንድ ሌሊት መስጠት ነው።

ከዚያ መኪናውን ሊፍት ላይ አስነሥተው የታችኛውን ሽፋን፣ ብሎኖቹንና ጠርዙን ይዩ፤ አዲስ ቀለም የተቀባ ሆድ ካዩ ምክንያቱን ይጠይቁ። ቋንቋውንም ይፈትሹ፤ ካርታውና የድምፅ ትእዛዙ የቻይንኛ ነው፤ የተቀረው ምን ያህል ወደ እንግሊዝኛ እንደተቀየረ እያንዳንዱን ገጽ ከፍተው ይመልከቱ። የቻይናው ዋስትና መኪናውን ተከትሎ አይመጣም፤ ስለዚህ አስመጪው በጽሑፍ የሚሰጠው ዋስትና ባትሪውንና ቻርጅ መቀበያውን መጥቀሱን ያረጋግጡ። በቃል የተሰጠውን እንደሌለ ይቁጠሩት።

ጥገናው ቀላል ነው፦ የፍሬን ዘይት በሁለት ዓመት፣ የአየር ማጣሪያው በዓመት (በአያት አቧራ ምናልባት በስድስት ወር)። ማቀዝቀዣ ፈሳሹ ቢጎድል የቧንቧ ውሃ እንዳይጨምሩበት፤ የራሱን ዓይነት ብቻ። በጣም የሚያስቸግረው ኮፈኑ ሥር ያለው ተራው 12 ቮልት ባትሪ ነው። እሱ ከሞተ ትልቁ ሞልቶ እንኳ መኪናው አይከፈትም፣ አይነሣም። ባረፈበት 12.6 ቮልት ጥሩ ነው፤ ከ12.2 ከወረደ ይሙሉት፤ ካልያዘ ይቀይሩት። በቁልፉ ውስጥ የተደበቀውን ብረት ቁልፍ ማውጣት ለባለቤትዎም ያሳዩ።

ፕራዶን ላነጻጽር። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ስለተከለከለ የሚያገኙት አገር ውስጥ የተነዳውን ነው። ሦስተኛ ረድፉ ከአይዲ 6 አይሻልም፤ መለዋወጫውና መካኒኩ ግን በየከተማው አለ፣ ድንጋይም አይፈራም። በወር አንድ ጊዜ ክፍለ ሀገር የምትወጡ ቢሆን ኖሮ እሱን እል ነበር። በዓመት ሁለቴ ከሆነ ግን ለእነዚያ ሁለት ጉዞዎች መኪና መከራየት ዓመቱን ሙሉ ነዳጅ ከመቅዳት ይረክሳል።

የምመርጥልዎ ዝርዝር፦ ትልቁ ባትሪ፣ የኋላ ጎማ ብቻ የሚነዳው ባለ 150 ኪሎዋት ሞተር፣ ሰባት መቀመጫ፣ ካሉት ቸርኬዎች ትንሹ። ሁለት ሞተር ያለው ፈጣን ነው፤ ለቤተሰብ ግን የሚጨምረው ፍጆታ ነው፤ ሰው ሲሞላ ክብደቱ ኋላ ላይ ስለሚያርፍ አንዱ ሞተር በቂ መያዣ አለው። ትልቅ ቸርኬ ያምራል፤ ጎማው ስለሚሳሳ ግን አያት መንገድ ላይ ጉድጓድ በገቡ ቁጥር ቸርኬው ይጎብጣል። ሻጩ ሌሊቱን ቻርጅ አድርገው እንዲፈትሹና ሊፍት ላይ እንዲያስነሡ ካልፈቀደ፣ በዚያው ቀን ሌላ ሻጭ ይሂዱ።